ጠበቃዋ በስልክ ናት፤ ቀኑ ግን አይጠብቅም!

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አማን ላይ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። መብራት ከሄደ ቆይቷል። አንዲት ሴት ሻማ አብርታ ልጇን የቤት ሥራ ታሠራለች። ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

"ሃሎ!"

ዝም።

"ሃሎ… ማን ልበል?"

"ልጄ… ጠበቃዋ አንቺ ነሽ?" የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ይንቀጠቀጣል። "ከሥራ አባረሩኝ እኮ!"

"አይዞዎት አባባ። መቼ ነው ያባረሩዎት?"

"ሰኔ ሲገባ።"

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ጥቅምት ተጋምሷል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ መስከረም… በጣቷ ቆጠረች። አራት ወር አልፏል! "እስከ ዛሬ የት ነበሩ?" ልትል ፈልጋ ዋጠችው። ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

"ወረቀት ሰጥተውዎታል?"

"ኧረ ምን ወረቀት ልጄ! 'ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ' ብቻ ነው ያሉኝ።"

ውድ አንባቢያን፣ እኚህ ሰው በአንድ የቡና እርሻ አሥራ አንድ ዓመት በጥበቃ ያገለገሉ ናቸው። ሴትየዋ ደግሞ ለሠራተኞች የምትከራከር ጠበቃ ናት። የሁለቱንም ስም አልጠራም፤ እርሻውንም አልጠራም። ታሪካቸውን ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ምክንያቱም የእሳቸው ታሪክ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። የእኔም ጭምር! ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቢሮዋ የት ነው?

"ቢሮሽ የት ነው?" ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። ከቦርሳዋ ሁለት ስልክ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ይኸው ቢሮዬ" አለች።

ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አማን ነው። ሕግ ተምራ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠራች። እናቷ ሲታመሙ ግን ጓዟን ጠቅልላ ተመለሰች። "ሥራዬ አበቃለት ብዬ ነበር" ትላለች። እንዳሰበችው አልሆነም። ያገሯ ሰው ስልኳን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው። ዛሬ ብዙዎቹን ደንበኞቿን መጀመሪያ የምታውቃቸው በመልካቸው ሳይሆን በድምፃቸው ነው።

ለምን በስልክ? አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሚዛን አማን ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ560 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሁለቱ ከተሞች፣ ሚዛን ተፈሪና አማን፣ አንድ ላይ ተጠቃለው ሚዛን አማን ከተባሉ ቆይተዋል። ክልሉም በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኖ ሲቋቋም ከቦንጋ፣ ከተርጫና ከቴፒ ጋር ከማዕከላቱ አንዷ ሆናለች። ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ፍርድ ቤቱም ጠበቃውም ሩቅ አይደለም። ችግሩ ሠራተኛው ያለው ከተማ አለመሆኑ ነው።

ሠራተኛው ያለው ጫካው ውስጥ ነው! ወደ በበቃ፣ ወደ ሸኮ፣ ወደ ጉራ ፈርዳ፣ ወደ ቴፒ። የበበቃ እርሻ ብቻውን ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው። ሌሎችም ትልልቅና ትንንሽ እርሻዎች፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በየአቅጣጫው አሉ። ከካምፕ ወጥቶ ከተማ ለመድረስ አንድ የሥራ ቀን ይቃጠላል። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነው። የትራንስፖርቱስ? የምሳውስ? እንግዲህ ጠበቃ ለማማከር ብቻ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ የተባረረበትን ገንዘብ ግማሽ መንገድ በላው ማለት አይደል?

ስለዚህ ይደውላል። ኔትዎርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ወይ ከካቦው ተደብቆ ቡና ግንድ ሥር ተቀምጦ ይደውላል። አንዳንዱ አማርኛው አይበረታም። ልጅቷ ቤንችኛ ስለምትችል ብዙ ሰው በቋንቋው ይተነፍስላታል። ከፍቾ ሲደውል ጎረቤቷን ትጠራለች። "አንዳንዴ አንድ ክስ ለመረዳት ሦስት ሰው በአንድ ስልክ እናወራለን" አለችኝ።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ እዚህ ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው ነበር። በእንግሊዝና በአሜሪካ ዳኞችም ጠበቆችም ከየቤታቸው በቪዲዮ ተያይተው ሲከራከሩ ከርመዋል። በእኛም አገር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከክልል ከተሞች ጋር በፕላዝማ እየተገናኘ ክርክር መስማት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የአማኗ ጠበቃ ግን ፕላዝማም የላት፣ ዘመናዊ ቢሮም የላት። ያላት ሁለት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ነው። የቀን መቁጠሪያውን አስታውሱት!

የሦስት ወር ነገር

ወደ አባባ እንመለስ። አራት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር? ተኝተው አልነበረም። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን ለመኑ። "እናያለን" ተባሉ። ከዚያ የአገር ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄዱ። "ክረምቱ ይለፍ" ተባሉ። ክረምቱ አለፈ። "መስቀል ይለፍ" ተባሉ። መስቀልም አለፈ። በመጨረሻ ከካምፑ ቤት እንዲወጡ ሲነገራቸው ነው እንግዲህ የልጅቷን ስልክ ከአንድ ሾፌር የተቀበሉት።

ሽምግልና ክፉ ነገር አይደለም። ባህላችን ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ሕጉ ቆሞ አይጠብቅም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንዲህ ይላል። ያላግባብ ተባረርኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ሦስት ወር ካለፈ ያ በር ተዘጋ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለውን የሚጠይቅ ደግሞ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር አለው። ከሥራ መቋረጥ ጋር የሚመጣው ክፍያም ከተባረረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው። በሕግ ቋንቋ ይህ ይርጋ ይባላል። ይርጋ ማለት መብትህ እያለ እጅህ የሚታሰርበት ነገር ነው።

ታዲያ ቀኑን የሚያቆመው ምንድን ነው? ለፍርድ ቤት ወይም የሥራ ክርክር ለሚያይ አካል ክስ ማቅረብ ያቆመዋል። ሕጉን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል አቤት ማለትም ያቆመዋል። አሠሪው "አዎ፣ ይህ መብት አለህ" ብሎ በጽሑፍ ካመነም ይቆማል። በቃል "እናያለን" ማለት ግን አያቆመውም። ካቦው ትከሻህን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ" ማለቱም አያቆመውም።

ስለዚህ አባባ ወደ በሩ የመመለስ ጥያቄያቸው ቀልጧል። ልጅቷ ይህንን በስልክ እንዴት ትንገራቸው? "ፊት ለፊት ብሆን እጃቸውን እይዝ ነበር" አለችኝ። "በስልክ ግን ዝም ካልክ ኔትዎርክ የተቋረጠ ይመስላቸዋል።" በዚያች ማታ ነገረቻቸው። እሳቸውም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ "እንግዲህ የቀረኝ ምንድን ነው?" አሏት።

የቀራቸው ገንዘቡ ነበር። እሱም ኅዳር ሳያልቅ ካልተከሰሰ ይቀልጣል።

እስቲ እናስላው

ለስሌት እንዲመች የአባባን የወር ደመወዝ 3,000 ብር እናድርገው፤ የቀኑ 100 ብር ይሆናል።

አንደኛ የስንብት ክፍያ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ 3,000 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 1,000 ብር። አሥር ዓመት ሲሆን 10,000 ብር። ድምሩ 13,000 ብር። ይህ ክፍያ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ አይችልም።

ሁለተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ነው። እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር ነው። አባባ አሥራ አንድ ዓመት ስለሠሩ ሦስት ወር፤ 9,000 ብር።

ሦስተኛ ያላግባብ ለተባረሩበት ካሳ ነው። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ከሆነ የቀን ደመወዙ በ180 ይባዛል፤ 18,000 ብር።

አሁን ደምሩት፤ 40,000 ብር! "እንዳትመጣ" በምትል አንዲት ቃል ሊቀር የነበረ ገንዘብ ማለት ነው።

አሠሪው ምን ብሎ ተከራከረ? "እኛ አላባረርነውም፣ ራሱ ቀረ" አለ። ይህቺን መልስ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ! ሕጉ ግን ለቀረ ሠራተኛም ሥርዓት አለው። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቅድሚያ በጽሑፍ ሊሰጠው የሚገባ ማስጠንቀቂያ አለ። የሚሰናበትበት ምክንያትና ቀንም በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ዳኛው "ማስጠንቀቂያው የታል?" ሲሉ አልተገኘም።

ፍርዱ ለአባባ ሆነ። ሕጉ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ ይወስን ይላል፤ የእሳቸው በቀጠሮ በቀጠሮ አምስት ወር ፈጀ። ቢሆንም ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ልጅቷ ግን ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። "በሁለተኛው ወር ቢደውሉልኝ ቢያንስ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ መጠየቅ እንችል ነበር። ዳኛው ይፈቅድ አይፈቅድ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄው ግን በእጃችን ነበር" አለች። አሥራ አንድ ዓመት ያደሩበት በር፣ የካምፑ ቤት፣ ጓሮ የተከሉት እንሰት… ይህን 40,000 ብር አይተካውም።

የእኔም ቁስል

ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። እነሆ መጣሁ።

12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ገበሬ ያመጣውን እሸት ቡና ሲመዘን እጽፋለሁ። ሥራው ከጠዋት እስከ ሌሊት ነው፤ ቡና ሲገባ እንቅልፍ የለም። ወቅቱ ሲያልቅ የሁለት ወር ደመወዜን አስቀሩብኝ። "ሂሳብ ሲዘጋ" አሉኝ። ሂሳቡ አልዘጋ አለ። "ነገ" አሉኝ። "ከነገ ወዲያ" አሉኝ። እኔም የሰው ፊት እንዳላይ፣ ተከራካሪ እንዳልባል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሥራ እንዳያስቀሩብኝ ብዬ ታገሥኩ። ሰባት ወር ታገሥኩ!

በሰባተኛው ወር አንድ ሰው "ለምን አትከስስም?" አለኝ። ስጠይቅ "አልፎብሃል" ተባልኩ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ነው፤ እሱም ቢሆን ለደመወዝ ጥያቄ ስድስት ወር ነበር የሚሰጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የሚገርማችሁ በሚቀጥለው ዓመትም ሥራውን አልሰጡኝም። ታግሼም ታዝቤም ቀረሁ።

ስለዚህ አባባን አልፈርድባቸውም። ይሉኝታ እግር ያስራል። ሰው ሕጉን ሳያውቅ ቀርቶ ብቻ አይደለም የሚዘገየው። ማፈር አለ፣ መፍራት አለ፣ "ነገ ይከፍሉኛል" የሚል ተስፋ አለ።

ፎቶ ያዳናቸው ሴቶች

ሁሉም ታሪክ አሳዛኝ አይደለም። አንድ ደስ የሚል ልንገራችሁ።

ሰባት ሴቶች ናቸው። ለለቀማ ከሩቅ የመጡ። የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ማታ ማታ ቡናቸው ይመዘናል፤ መዛኙ በእሱ ደብተር ይጽፋል፤ ለእነሱ ደግሞ በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፍላቸዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ የሁሉም ታናሽ፣ ካሜራ ያለው ስልክ ነበራት። እሷ በየማታው የሰባቱንም ካርድ ፎቶ ታነሳለች። "ምን ያደርግልሻል?" ሲሏት "ለራሴ" ትላለች።

ለቀማው ሲያልቅ ካርዱን ሰብስበው ወሰዱባቸው። ሂሳቡ ሲመጣ ኪሎው ጎድሏል! ሴቶቹ ጮኹ። "ደብተሩ ላይ ያለው ይኸው ነው" ተባሉ። ያች ትንሿ ልጅ ግን ፎቶዎቹን በቴሌግራም ለጠበቃዋ ላከች። ጠበቃዋ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ደመረች። በማግስቱ ደብዳቤ ጽፋ የፎቶዎቹን ቅጂ አያይዛ ለእርሻው አስተዳደር ላከች። ክስ ሳይከፈት፣ ቀጠሮ ሳይቆጠር፣ በሳምንቱ ልዩነቱ ተከፈላቸው። የሦስቱ ገንዘብ በቴሌብር ገባላቸው፤ እነሱ አገራቸው ገብተው ነበር።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ? አሁን "በፎቶ ያለም" ብለን እንጨምርበት!

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። የለቀማ ሠራተኛ ውሉ ለወቅቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ በየዓመቱ ለሚመላለስ የወቅት ሥራ ይህን ይፈቅዳል። ወቅቱ ሲያልቅ "አባረሩኝ" ብሎ መክሰስ ብዙ አያዋጣም። ነገር ግን ለሠራበት ገንዘብ፣ ለእረፍት ቀኑ፣ ሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት መብት አለው። የወቅት ሠራተኛ ነህ ማለት ሕግ የለህም ማለት አይደለም።

ስልክ የማይችለው ነገር

ታዲያ ሁሉ ነገር በስልክ ያልቃል? አያልቅም!

ውክልና በስልክ አይሰጥም። ጠበቃ በስምህ ቆሞ እንዲከራከር በአካል ቀርበህ ፈርመህ፣ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። ምስክርም ዳኛ ፊት ቀርቦ መጠየቁ የተለመደ ነው። ልጅቷም ቀጠሮ ሲኖራት ቦቲ ጫማዋን አድርጋ በጭቃው ውስጥ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ስልኩ የሚያገለግለው ከዚያ በፊት ላለው ሥራ ነው፤ ታሪኩን ለመስማት፣ ማስረጃ ለመሰብሰብ፣ ክሱን ለማርቀቅ፣ ከቀጠሮ በፊት ሠራተኛውን ለማዘጋጀት።

ሌላም አደጋ አለ። ስልክ ላይ ሁሉም ጠበቃ ነው! "ጉዳይ አስፈጽማለሁ" ብሎ ገንዘብ በቴሌብር ተቀብሎ ስልኩን የሚዘጋ አለ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰው ይረዳሉ፤ ግን ማመልከቻ ጸሐፊና ፈቃድ ያለው ጠበቃ አንድ አይደሉም። የጠበቃውም ፈቃድ የፌዴራል ይሁን የክልል፣ ክሱ በሚታይበት ፍርድ ቤት ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። የአማኗ ልጅም አዲስ አበባ ካለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር አንድ ቀን በአንድ ስም ለመሥራት ትመኛለች። አሁን ግን እንዲሁ ይረዳዳሉ። ጉዳዩ ሰበር ድረስ ከሄደ ጓደኛዋ እዚያ ትከታተልላታለች፤ እሷ ደግሞ ለጓደኛዋ እዚህ ያለውን ታጣራለች። የሰበር ውሳኔ በሁሉም ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ስለሆነ ቅጾቹን ስልኳ ላይ ጭና መኪና ስትጠብቅም ታነባለች።

ቤት ውስጥ ያለ ጠበቃ

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ደግሞ "ቤቷስ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ጠየቅኳት።

"ባለቤቴ 'ከእኔ ጋር ነው የምትኖሪው ወይስ ከስልኩ ጋር?' ይለኝ ነበር" አለች። ሠራተኛ የሚደውለው ከሥራ ከወጣ በኋላ ማታ ነው። ማታ ደግሞ የቤተሰብ ሰዓት ነው። እራት ሲቀርብ ስልክ፣ ልጅ ሲተኛ ስልክ፣ እናት መድኃኒት ሲወስዱ ስልክ። የሰው እንባ ሰምቶ ወዲያው "እሺ፣ ወጡን ጨምሪልኝ" ማለት አይቻልም። ሐዘኑ ከእሷ ጋር ያድራል።

አንድ ቀን ደግሞ የደንበኛዋን ጉዳይ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስታወራ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች ሰሙ። በማግስቱ ወሬው መንደሩን ዞረ። ደንበኛዋ "አንቺም አሳልፈሽ ሰጠሽኝ" ብሎ ተቀየማት። "ያን ቀን አለቀስኩ" ትላለች። "ቢሮ ያለው ሰው በሩን ይዘጋል። እኔ በር አልነበረኝም።"

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አበጀች። አንዱ ስልክ የሥራ፣ አንዱ የቤት ሆነ። የሥራው ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ይከፈታል፤ ከዚያ ይዘጋል። "ዛሬ አባረሩኝ" የሚል ሰው አጭር መልእክት ይልካል፤ ጠዋት ትደውልለታለች። ጓሮ ያለችውን ትንሽ ክፍል ወንበርና መዝጊያ አደረገችላት። ቡና እየተፈላ ስለ ደንበኛ ማውራት ክልክል ሆነ። ባለቤቷም ይህን ሲያይ የቀን መቁጠሪያውን እሱ ገዝቶ ሰቀለላት። በቀይ የሦስት ወሩን፣ በሰማያዊ የስድስት ወሩን ታከብበታለች። ልጇ እንኳ "እማዬ፣ ነገ ቀይ ነው" ትላታለች።

ምክራችን

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን ቆርጠህ ኪስህ ክተተው። ለጎረቤትህም አንብብለት።

1ኛ. የተባረርክበትን ቀን ጻፍ። ዛሬውኑ! ከዚያ ቀን ሦስት ወርና ስድስት ወር ቆጥረህ ምልክት አድርግ። ሰውን መለመን ትችላለህ፤ ቀንን ግን አትለምነውም።

2ኛ. ደብዳቤ ጠይቅ። ካልሰጡህ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እየሰማ "እንዳትመጣ" እንዳለህ ጻፍ። የሥራ ምስክር ወረቀትም መብትህ ነው፤ በነፃ ነው።

3ኛ. ያላነበብከውን አትፈርም። "በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ" ወይም "የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ" የሚል ወረቀት አቅርበው "ፈርምና ብርህን ውሰድ" ካሉህ ቆም በል። ማንበብ ካልቻልክ የሚያነብልህ ሰው ጥራ።

4ኛ. መታወቂያህን፣ የደመወዝ ወረቀትህን፣ የሚዛን ካርድህን፣ ከባንክ ወይም ከቴሌብር የገባልህን መልእክት ፎቶ አንሳ። ፎቶውን ለምታምነው ሰውም ላክ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ውኃም ይገባበታል።

5ኛ. የምስክሮችህን ስልክና አገራቸውን ያዝ። ለቃሚ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ ወላይታ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ከፋ ይበተናል። ከተበተነ በኋላ "ያ ቀይ ልጅ" ብለህ አታገኘውም።

6ኛ. ሽማግሌ ላክ፤ ግን ቀን ቁረጥለት። "በወር ውስጥ ካላለቀ እከሳለሁ" በል። አሠሪው እሺ ካለ "በጽሑፍ ይስጡኝ" በል።

7ኛ. የትርፍ ሰዓትህን ዕለት ዕለት መዝግብ። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በሁለት፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል ይባዛል።

8ኛ. "ገንዘብ የለኝም" ብለህ አትቅር። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ይወክልሃል፤ ከሌላችሁ አሥር ሠራተኞች ከሆናችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ። በአቅራቢያህ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ሂድ።

9ኛ. ከጠበቃ ጋር ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋል፤ ደረሰኝ ተቀበል። ዋናውን ሰነድ በእጅህ አስቀር፣ ቅጂውን ስጥ።

10ኛ. ለጠበቃህ ጥፋትህንም ንገር። ሰክረህ ገብተህ ከነበር፣ ከካቦው ጋር ተደባድበህ ከነበር ቀድሞ ይወቀው። በስልክ የደበቅከው ነገር ችሎት ላይ ሲወጣ ሁለታችሁም ታፍራላችሁ።

ከሩቅ ሆነው ለመሥራት ለሚያስቡ ወጣት ጠበቆች ደግሞ ልጅቷ ሦስት ነገር ትመክራለች። ቀጠሮ ስትናገሩ በቃልም በመልእክትም ንገሩ፤ ከዚያ ደንበኛው መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ደንበኛ የሚሠራበትን ቦታ ቢያንስ አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እዩት፤ ያላዩትን በርና ሚዛን ለዳኛ ማስረዳት አይቻልም። የሚዘጋ በር ይኑራችሁ፤ አንድ ክፍል እንኳ ባይኖር አንድ ሰዓት ይኑራችሁ።

አንድ ሌላ ስልክ

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ።

"ምን ተገኘ?"

"አባባ ዛሬ ደውለው ነበር።"

"ምን ሆኑ ደግሞ?"

"እሳቸው ምንም አልሆኑም። የእህታቸው ልጅ ሌላ እርሻ ላይ ሾፌር ነው። ትናንት አባረሩት። አባባ እጁን ይዘው፣ ኮረብታው ላይ አውጥተው አስደወሉት። መጀመሪያ ስልኩን ተቀብለው ምን አሉኝ መሰለህ? 'ልጄ፣ ገና አንድ ቀኑ ነው' አሉኝ!"

ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥሎ እሷ ልትዘጋ ቸኮለች። ግድግዳው ላይ የምታከብበው አዲስ ቀን ነበራት።